ቻርልስ ፊሊፕ ብራውን እና የቴሉጉ ግሥ

ቻርልስ ፊሊፕ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1798 በካልካታ ተወለደ። አባቱ ቄስ ዴቪድ ብራውን በ1812 ካረፉ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሻገረና በሄይሊበሪ ኮሌጅ ተማረ። በ1817 በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሠራተኛነት ማድራስ ገባ፤ በ1820 ደግሞ ከዳፓ ተመደበ። በዚያ የሚዳኘውና ግብር የሚያስከፍለው ሕዝብ ቋንቋ ቴሉጉ ነበር።

በዘመኑ ሊቃውንቱ የሚያከብሩት ጥንታዊውን የግጥም ቋንቋ ሲሆን፣ በገበያና በችሎት የሚሰማው አነጋገር ግን ከዚያ ይለይ ነበር። ለእንግዳ ተማሪ ፈተናው ይበልጥ የሚከብደው በግሡ ላይ ነው። የቴሉጉ ግሥ ባለቤቱን በባዕድ መድረሻ ያመለክታል። ዛሬ በሚነገረው ቋንቋ «እርሱ መጣ» ለማለት «ቫቻዱ» ሲባል፣ ሴትም ሆነ ዕቃ ሲመጣ ግን አንዱ «ቫቺንዲ» ያገለግላል። በብዙ ቁጥር ደግሞ ሴቶች ከወንዶች ጋር ይቆጠራሉ፤ ሰዎች ሲመጡ «ቫቻሩ»፣ ከብቶች ሲመጡ «ቫቻዪ» ይባላል።

አሉታውም የራሱ ሥርዐት አለው። አማርኛ «አልመጣሁም»፣ «አልመጣህም»፣ «አልመጡም» እያለ በአሉታም ባለቤቱን ይለያል። ቴሉጉ ባለፈ ጊዜ ለሦስቱም «ራሌዱ» ይላል። ስለዚህ ማን እንዳልመጣ ከግሡ ብቻ አይታወቅም። ላላለፈ ጊዜ ግን ባለቤቱ ይመለሳል፤ «ራኑ» እኔ አልመጣም፣ «ራቩ» አንተ አትመጣም ማለት ነው። የምስክርን ቃል ለሚሰማ ዳኛ ይህን አለመለየት ትንሽ ስሕተት አይደለም።

ብራውን ከዳፓ ውስጥ ቤት ገዝቶ፣ ሊቃውንትን በገዛ ደመወዙ ቀጥሮ፣ የዘንባባ ቅጠል ጽሑፎችን አሰባስቦ እያስተያየ አስገለበጠ። የቬማናን ግጥሞች ከትርጉማቸው ጋር በ1829፣ የቴሉጉን ሰዋስው በ1840 አሳተመ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ የታተሙት መዝገበ ቃላቱ የሕዝቡን አነጋገር ከመጻሕፍቱ ቋንቋ ጎን አስቀመጡ። ለዚህ ሥራ ገንዘቡን ከማውጣት አልፎ ዕዳ ውስጥ ገብቷል።

ከዚያ በኋላ ወደ ለንደን ተመልሶ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቴሉጉን አስተማረ፤ በ1884 ዐረፈ። መዝገበ ቃላቱ ዛሬም ይገለጣል። ቅጠሎቹን ያነበቡለትና ትርጉሙን ያቀኑለት የአገሩ ሊቃውንት ግን ከእርሱ ያነሰ ዝና አግኝተዋል። የብራውን ታላቅነት ሲነገር የእነርሱም ድካም አብሮ ሊታሰብ ይገባል፤ የባዕድ ቋንቋ ሰዋስው ያለ ባለቤቶቹ አንደበት አይጻፍምና።