ሁለቴ ከስሮ በሦስተኛው መኪናችንን ያዘፈነው ሰውዬ

ዛሬ የያዝነው የመኪና ቴፕ ጉዳይ ነው።

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከፋብሪካ የመጣው ቴፕ ካሴት ብቻ ነው የሚያጫውተው። የበሩ ስፒከር ወረቀቱ ተቀዶ ይንቀጫቀጫል። ባለቤቱ ደግሞ ስልኩን በብሉቱዝ አገናኝቶ መስማት ነው የሚፈልገው። ሶማሌ ተራ ወጣ ይልና ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይገዛል፣ ኤሌክትሪሺያን ፈልጎ ዳሽቦርዱን ያስፈታል። ጉዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከስፒከሩ ውስጥ ጢዝዝዝ የሚል ድምፅ ይጀምራል፣ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ደግሞ እየቀጠነ ይጮሃል።

ይሄ ጢዝታ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከ90 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ አንድ የቺካጎ ነጋዴ ከዚሁ ድምፅ ጋር ግብግብ ገጥሞ ነበር። ያውም በኪሱ ምንም ሳይኖረው፣ ሁለት ጊዜ ከስሮ፣ በሦስተኛው ሙከራው። ስሙ ፖል ጋልቪን ይባላል። እሱን የማያውቅ ሰው እንኳ የድርጅቱን ስም ያውቀዋል፤ ሞቶሮላ ነው።

(ዓመቶቹን በሙሉ የምንጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ጋልቪን በ1895 የተወለደው ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ ሃርቫርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ዩኒቨርሲቲው አይደለም፣ እንዳትምታቱ፤ ስማቸው ነው የተገጣጠመው። ባቡር የሚቆምባት ከተማ ስለነበረች ልጅ ሆኖ ለተሳፋሪ ፈንዲሻ ይሸጥ ነበር። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይጨርስ ወጣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ዘምቶ የመድፈኛ መኮንን ሆኖ አገለገለ። ይሄን ቶሎ እንለፈው፣ ወሬው ያለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከጦርነት ሲመለስ ኤድዋርድ ስቱዋርት ከሚባል ጓደኛው ጋር ሆነው ዊስኮንሲን ግዛት፣ ማርሽፊልድ ከተማ ውስጥ የባትሪ ፋብሪካ ከፈቱ። ከሰረ። ያልተከፈለ ግብር ነበረባቸውና አንድ ቀን ምሳ በልቶ ሲመለስ በሩ በመንግሥት ታሽጎ ጠበቀው፣ ውስጥ የረሳውን ካፖርት እንኳ እንዲያወጣ አልፈቀዱለትም ይባላል። ቺካጎ ሄደው እንደገና ሞከሩ። ሁለተኛውም ከሰረ።

ሁለተኛው ድርጅት ግን አንድ ጥሩ ነገር ትቶ ነው የሞተው። በዚያን ጊዜ የቤት ሬዲዮ የሚሠራው በባትሪ ነበር፤ ባትሪው ደግሞ ውድ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። እነ ጋልቪን ሬዲዮውን ከቤት መብራት ጋር አገናኝቶ ባትሪውን የሚያስቀር ዕቃ ሠርተው ነበር። የድርጅቱ ንብረት ለሐራጅ ሲወጣ ጋልቪን ቀርቦ የዚህን ዕቃ መሥሪያ በ750 ዶላር ገዛው። የራሱን የከሰረ ሥራ መልሶ ገዛ ማለት ነው። እና መስከረም 25 ቀን 1928 ከወንድሙ ከጆሴፍ ጋር ጋልቪን ማኑፋክቸሪንግ የሚል ድርጅት አቋቋሙ። ሠራተኛ 5፣ መንቀሳቀሻ 565 ዶላር፣ የመጀመሪያው ሳምንት ደሞዝ በጠቅላላው 63 ዶላር።

ችግሩ ግን አብሮ መጣ። ከመብራት ጋር የሚገናኝ ሬዲዮ ከፋብሪካ ተሠርቶ መውጣት ስለጀመረ የእነሱን ዕቃ የሚፈልገው ሰው በየወሩ እያነሰ ሄደ። ጋልቪን ለሌሎች ነጋዴዎች የቤት ሬዲዮ እየሠራ በስማቸው ማቅረብ ጀመረ። በ1929 መጨረሻ ላይ ደግሞ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተንኮታኮተና ነጋዴዎቹ ትዕዛዛቸውን ሰረዙ። ሦስተኛ ኪሳራ በር ላይ ቆሞ ነበር።

የመኪና ሬዲዮ የሚለው ሐሳብ የመጣው በዚህ ሰዓት ነው። ሐሳቡ የእሱ አልነበረም፣ ይሄን በግልጽ እንናገር። ከእሱ በፊትም መኪና ላይ ሬዲዮ የሚገጥሙ ነበሩ። ግን ዋጋቸው የሀብታም ነበር፣ አንዱን መኪና እንደ ልብስ ስፌት ለብቻው ለክተው የሚሠሩም ነበሩበት። ጋልቪን ያሰበው በብዛት ተመርቶ በማንኛውም መኪና ላይ የሚገጠም፣ ተራው ሰው የሚገዛው ሬዲዮ ነው። መኪናው ሲሠራ ሬዲዮ ይገጠምብኛል ብሎ ስላላሰበ ሥራው ሁሉ ከኋላ የሚጨመር ነው። ዛሬ እኛ አሮጌ መኪና ላይ የምናደርገውን ማለት ነው።

አሁን ሥራውን አስቡት። የዘመኑ መኪና ባትሪ 6 ቮልት ነው። የሬዲዮው ቱቦዎች ግን ከ100 ቮልት በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሌላ ተጨማሪ ባትሪ ወለሉ ተቆርጦ ከሥር ይቀበራል። አንቴና የሚባል ነገር መኪናው ላይ የለም፤ የጣሪያውን ጨርቅ ቀደው ሽቦ ውስጡ ይዘረጋሉ፣ መልሰው ይሰፉታል። ስፒከሩ ለብቻው ነው፣ ሬዲዮው ለብቻው ነው፣ መቆጣጠሪያው መሪው አጠገብ ነው። ሁለት ሰው ቀን ከሌት ቢሠራም ቀናት ይፈጃል።

ይሄ ሁሉ ግን ከጢዝታው አይበልጥም። ካንዴላው እሳት በረጨ ቁጥር ትንሽ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል። ዲናሞውም እንደዚያው። ሞተሩ ሲጠፋ ሬዲዮው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ሲነሳ ግን ከዘፈኑ ይልቅ ሞተሩ ነው የሚሰማው። ጋልቪን አብረውት የሚሠሩ ሁለት ጎበዞች ነበሩት። አንዱ ኤልመር ዌቨሪንግ ነው፣ በኋላ የሞቶሮላ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ሌላው ቢል ሊር ነው፤ አዎ፣ በኋላ ሊርጄት የተባለውን የግል አውሮፕላን የሠራው ራሱ ሊር። እነዚህ ሰዎች ጫጫታውን ምንጩ ላይ ማፈን ጀመሩ። ካንዴላው መስመር ላይ ሬዚስተር፣ ዲናሞው ላይ ካፓሲተር እየጨመሩ፣ ገመዱን በብረት እየሸፈኑ አንዱን ድምፅ ሲያጠፉ ሌላው ሲመጣ፣ ቀስ በቀስ ሬዲዮው ከነሞተሩ መሰማት ጀመረ።

ጋልቪን በዚህ መሃል ብድር ፍለጋ ወደ አንድ የባንክ ሰው ሄደ። ለማሳመን ብሎም ሬዲዮውን በሰውየው ፓካርድ መኪና ላይ አስገጠመለት። እንደሚተረከው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፓካርዱ በእሳት ተያያዘ። ብድሩም በዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይሄን ያነሳነው ለሳቅ ብቻ አይደለም። ዛሬም አምፕሊፋየርና ሰብ ዉፈር ሲያስገቡ ዋናውን ገመድ ከባትሪው በቀጥታ ይስባሉ። ፊውዙን ደግሞ ወይ ይረሱታል፣ ወይ ኋላ አምፑ ጋ ያደርጉታል። ገመዱ መንገድ ላይ ተፍቆ ከመኪናው አካል ጋር ቢነካካ ኋላ ያለው ፊውዝ ምንም አያድንም፤ እሳቱ የሚነሳው ፊውዙ ጋ ከመድረሱ በፊት ካለው ገመድ ነው። ፊውዝ መሆን ያለበት ባትሪው አጠገብ ነው፣ ቢርቅ ቢርቅ 45 ሳንቲሜትር። ጢዝታውንም በተመለከተ ነገሩ ያው ነው። የኃይል ገመዱና ድምፅ የሚያመጣው ገመድ ተጠማዘው በአንድ በኩል ከሄዱ፣ ወይም ኔጋቲቩ ቀለም ባልተፋቀ ብረት ላይ ከታሰረ፣ ዲናሞው ስፒከሩ ውስጥ መዝፈኑ አይቀርም። ገመዶቹን አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ማሳለፍ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ለገጣሚው ከማስፈታታችሁ በፊት ንገሩት፣ ከተገጠመ በኋላ ማንም ድጋሚ መፍታት አይወድም።

ወደ ጋልቪን እንመለስ። ሰኔ 1930 ላይ የሬዲዮ አምራቾች ጉባኤ አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ ተጠራ። ለኤግዚቢሽን ቦታ መከራያ ገንዘብ የለውም። ሬዲዮውን በራሱ ስቱድቤከር መኪና ላይ አስገጠመና ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ሄደ። ጉባኤው አዳራሽ አጠገብ አቁሞ ድምፁን ከፍ አደረገው። አላፊ አግዳሚው እየቆመ ይሰማል፣ እሱም ነጋዴዎቹን እየጎተተ ወደ መኪናው ያመጣል። ዛሬ መንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ ሰፈሩን የሚያናጋ ልጅ ስናይ ትዝ የሚለን ይሄ ነው፤ ልዩነቱ ሰውየው ትዕዛዝ ይዞ ነው የተመለሰው።

ለሬዲዮው ስም ያስፈልግ ነበር። ሞተር ከሚለው ቃል ላይ፣ በዘመኑ ቪክትሮላ ከሚባለው የሸክላ ማጫወቻ ጀምሮ ብዙ የሙዚቃ ዕቃዎች ስም ላይ የነበረውን ኦላ የሚል ጭራ ቀጠለበትና ሞቶሮላ ሆነ። ዋጋው ከነመግጠሚያው ከ110 እስከ 130 ዶላር ነበር። አንድ አዲስ ፎርድ ሞዴል ኤ በዚያን ጊዜ 500 ዶላር ገደማ ነው። የመኪናውን ሩብ ያህል ለሬዲዮ መክፈል ማለት ነው፣ እና ይሄ ርካሽ የሚባለው ነው! የመጀመሪያውን ዓመት ድርጅቱ በኪሳራ ነው የዘጋው። ቢሆንም ከሌሎቹ ይረክስ ስለነበር ሰው ገዛው፣ ዋጋውም ከዓመት ዓመት እየወረደ ሄደ።

በእኛ እይታ የጋልቪን ትልቁ ብልሃት ሬዲዮው ራሱ አይደለም፣ መግጠሚያው ነው። ዕቃው ጥሩ ሆኖ ገጣሚው ካበላሸው የሚሰደበው ዕቃው መሆኑ ገብቶታል። ስለዚህ ገጣሚዎችን ማሠልጠን ያዘ። ቀጥሎ ቢ ኤፍ ጉድሪች ከተባለው የጎማ ድርጅት ጋር ተስማማና ሬዲዮው በጎማ መሸጫ ሱቆቹ ውስጥ መሸጥና መገጠም ጀመረ። ጎማ ልቀይር ብሎ የገባው ሰው ሬዲዮ አስገጥሞ ይወጣል።

በነገራችን ላይ፣ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ላይ ያለው ሬዲዮ ብዙውን ጊዜ ኤፍ ኤሙ ከ76 ተነስቶ 90 ላይ ነው የሚያቆመው። መሪው ተቀይሮ የመጣ ቪትዝ የገዛ ሰው ሸገር 102.1ን ፈልጎ ያጣው ሬዲዮው ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። አንቴናው ላይ የምትጨመር ትንሽ መቀየሪያ አለች፤ ቴፑን በሙሉ ከመጣላችሁ በፊት ጠይቁ።

በ1936 ጋልቪን ለፖሊስ መኪናዎች የሚሆን ሬዲዮ አወጣ። በዚያው ዓመት ከቤተሰቡ ጋር አውሮፓን ሲጎበኝ የሂትለርን ጀርመን በዓይኑ አየና ጦርነት እንደማይቀር ተሰምቶት ተመለሰ። መኪና ላይ ጫጫታን መዋጋት የለመዱት መሐንዲሶቹ አሁን በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ላይ ተጠመዱ። ሃንዲ ቶኪ የተባለው በአንድ እጅ የሚያዝ መገናኛ ለአሜሪካ ጦር ደረሰ። በ1943 ደግሞ ዳንኤል ኖብል የመራው ቡድን በጀርባ የሚታዘለውንና 16 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ዎኪ ቶኪ አወጣ።

ሥራው በዚህ ሁኔታ እያደገ ሳለ ቤቱ ፈረሰ። በ1942 ባለቤቱ ሊሊያን ቺካጎ አጠገብ ኢቫንስተን በሚገኘው ቤታቸው ውስጥ ተገደለች። የሞቶሮላ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ይሄ ይዘለላል። እኛ ግን ሰውየውን እንደ ፋብሪካ ብቻ ማየት ስላልፈለግን አነሳነው።

በ1947 ድርጅቱ የሬዲዮውን ስም ወርሶ ሞቶሮላ ተባለ። በዚያው ሰሞን ከ200 ዶላር በታች የሚሸጥ ቴሌቪዥን እንዲወጣ ጋልቪን ወጥሮ ያዘ፤ የመኪናው ሬዲዮ ሐሳብ በሌላ ሳጥን መሆኑ ነው። ይሄም ተሳካለት። በ1956 ፕሬዚዳንትነቱን ለልጁ ለሮበርት አስረከበ። ኅዳር 1959 በ64 ዓመቱ አረፈ።

ከሞተ በኋላ የሆነውን ሳንነግራችሁ ብንወጣ ቅር ይለናል። ቢል ሊር በ1960ዎቹ ስምንት ትራክ የሚባለውን የቴፕ ክር ይዞ ብቅ አለ። ፎርድም ለ1966 ሞዴል መኪኖቹ አማራጭ አድርጎ አቀረበው፤ ማጫወቻውን የሠራለትም ሞቶሮላ ነው። ሰው መኪናው ውስጥ የራሱን ምርጫ መስማት የለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ሚያዝያ 1973 ላይ ደግሞ የሞቶሮላው መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር ኒው ዮርክ መንገድ ላይ ቆሞ በእጅ በሚያዝ ሞባይል የመጀመሪያውን ጥሪ አደረገ። የደወለው ቤል ላብስ ውስጥ ለሚሠራው ለተፎካካሪው ነበር።

ሞቶሮላ የመኪና ሬዲዮ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ስሙ ግን ዛሬም ስልክ ላይ አለ። ዛሬ አንዱ ያንን ስልክ በአሮጌ ኮሮላ ቴፕ ላይ በብሉቱዝ ሊያገናኝ ሲሞክር ጢዝታው ካስቸገረው፣ መጀመሪያ ኔጋቲቩ የታሰረበትን ብረት ፍቆ ይይ።