ጆርጅ ፎን ቤኬሺ፦ የጆሮን ባትሪ የለካው ሰው

በዚች አጭር ጽሑፍ የመስማትን ምስጢር ሲመረምር የኖረውን የጆርጅ ፎን ቤኬሺን የሕይወት ታሪክ አቀርባለሁ። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቤኬሺ በ1899 በሃንጋሪ ዋና ከተማ ቡዳፔስት ተወለደ። አባቱ ዲፕሎማት ስለነበር ልጅነቱ ያለፈው ከአገር አገር እየዞረ ነው። በስዊዘርላንድ ኬሚስትሪ ከተማረ በኋላ በ1923 ቡዳፔስት ላይ በፊዚክስ ዶክትሬቱን አገኘ። ሃንጋሪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተጎሳቁላ ስለነበር ደህና ላቦራቶሪ የሚገኘው በፖስታ መሥሪያ ቤት ነበርና እዚያው ተቀጠረ። ሥራው የስልክን ጥራት ማሻሻል ቢሆንም እሱ ግን መጀመሪያ ሰሚውን ጆሮ ልወቅ ብሎ ተነሣ።

ከአስከሬን ላይ ውስጠኛውን ጆሮ እያወጣ ኮክሊያን ያጠና ጀመር። ኮክሊያ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ፣ ፈሳሽ የሞላበት ቱቦ ነው። ደቃቅ የብር ብናኝ ነስንሶ፣ ብልጭ ድርግም በሚል መብራት በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ድምፁ እንደ ማዕበል ሲጓዝ አየ። ቀጭን ድምፅ ጎልቶ የሚያናውጠው የቱቦውን መግቢያ ሲሆን ወፍራሙ ግን እስከ ጫፉ ይዘልቃል። በደብረ ወርቅ ማርያም ማኅሌት ከበሮና ጸናጽል አንድ ላይ ቢሰሙም የማይምታቱብን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በ1946 ወደ ስዊድን፣ በ1947 ደግሞ አሜሪካ ወደሚገኘው ሃርቫርድ ተሻገረ። እዚያም በሕያው እንስሳ ጆሮ ውስጥ የኮክሊያው መካከለኛ ክፍል ፈሳሽ ወደ 80 ሚሊቮልት የሚደርስ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ እንዳለው በ1952 አሳወቀ። በ1961 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

ታዲያ ይህ ቮልቴጅ ምን ያደርጋል? ፈሳሹ ውስጥ የፖታሲየም አየን ይበዛል፣ ሶዲየም ግን ትንሽ ነው። የኮክሊያው ግድግዳ ፖታሲየሙን ያለማቋረጥ ይገፋል፤ ባትሪ ይሞላል እንደማለት ነው። ድምፅ ሲመጣ የጸጉራማ ህዋሳቱ ጸጉር ይታጠፋል፣ በር ይከፈታል፣ ፖታሲየሙም ይገባል። ያኔ ውጫዊዎቹ ህዋሳት ያጥራሉ፣ ይረዝማሉ፤ በዚህም ማዕበሉን ከመቶ እጥፍ በላይ ያጎሉታል። ለዚህ እንቅስቃሴ በህዋሱ ውስጥ ያለው የክሎራይድ አየንም ያስፈልጋል።

ቤኬሺ ግን ይህን ማጉያ አላየውም። ሰው ሲሞት ባትሪው ያልቃል፤ የአስከሬን ጆሮ የሚነቃነቀው እጅግ ከፍተኛ ድምፅ ሲለቀቅበት ብቻ ነው። ስለዚህ ያየው ማዕበል ሰፊና ደብዛዛ ነበር፤ ጥራቱን የሚጨምረው ነርቭ ይሆናል ብሎ አሰበ። ቶማስ ጎልድ በ1948 ጆሮ የራሱ ማጉያ ሊኖረው ይገባል ቢልም ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ1971 በሕያው ጦጣ ላይ የተደረገ ልኬት ግን ለዝቅተኛ ድምፅ ትልቅ ምላሽ አሳየ። ዊሊያም ብራውኔልና ባልደረቦቹም በ1985 ህዋሳቱ እንደሚያጥሩና እንደሚረዝሙ አሳተሙ። ቤኬሺ ይህን ሳያይ በ1972 በሃዋይ፣ ሆኖሉሉ ከተማ አረፈ።

ነገሩ የላቦራቶሪ ወሬ ብቻ እንዳይመስለን። ለልብና ለኩላሊት ሕመምተኞች የሚሰጠው ፉሮሰማይድ ባትሪውን ለጊዜው ሊያደክም ይችላል፤ ጄንታማይሲን ደግሞ ውጫዊዎቹን ህዋሳት ሊገድል ይችላል፣ የሞተ ህዋስም አይተካም። መድኃኒቶቹ ሕይወት አዳኝ ናቸውና ይቅሩ አይባልም። ነገር ግን በሕክምና ላይ ያለ ሰው ጆሮዬ ጮኸ፣ ከበደኝ ካለ ቶሎ ሊደመጥ ይገባል። የቤኬሺ ሕይወት የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው፤ ጆሮ እንደ ከበሮ ቆዳ ተመትቶ የሚነዝር ብቻ ሳይሆን ራሱ የሚሠራ ሕያው አካል ነው።