የጋፋቱ ባለሙያ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት ስለ ሆነ ስሙን የማያውቅ ተማሪ የለም ለማለት ይቻላል። ከሠሪዎቹ አንዱ የቴዎፍሎስ ዋልድማየር ሕይወት፣ ነገ በባዕድ አገር ሊሠራ ለሚያስብ ወጣት የሚጠቅም ቁም ነገር አለው።

ዋልድማየር እ.ኤ.አ. በ1832 በስዊዘርላንድ ተወለደ። በባዝል ከተማ አጠገብ ወንጌልንና የእጅ ሥራን አጣምሮ በሚያስተምር ቤት ተምሮ በ1851 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የመጣው ሊሰብክ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከስብከቱ ይልቅ የፈለጉት እጁን ነው። እሱም አላኮረፈም። አማርኛ ተማረ። የንጉሡ ታማኝ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። በዚህም በጋፋት የኖረው እንደ መንገደኛ ሳይሆን እንደ አማች ነው። እሱና ጓደኞቹ ያገሩን ልጆች ተቀብለው ሙያ አስተማሩ።

ኋላ ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ አሉ። ሚስዮናውያኑ ይህን ሥራ እንደማያውቁ ቢናገሩም ማምለጫ አላገኙም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እንደገና ሞከሩ፤ በመጨረሻም ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። ሊሰብክ የመጣው ሰው መድፍ አቅላጭ ሆነ። ሙያው ባስከበረው መጠን ነፃነቱ ጠበበ፤ ንጉሡ እጅግ የሚፈልጉትን ባለሙያ እንዴት ያሰናብቱታል?

በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ባለሙያዎቹም አብረው ተጓዙ። መንገዱ እየተጠረገ፣ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወራት ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሞቱ፤ ዋልድማየርም ከሌሎቹ አውሮፓውያን ጋራ ካገር ወጣ።

ሰውየው በዚህ አላበቃም። ወደ ሊባኖስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና ተራራ ላይ ትምህርት ቤት መሠረተ። በዚያ አገር አእምሯቸው የታወከ ሰዎች በሰንሰለት ሲታሰሩ ስላየ፣ በስተርጅናው አውሮፓንና አሜሪካን ዞሮ ገንዘብ ለመነ። በቤይሩት አጠገብ አስፉሪዬ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው ይህ ቤት በሽተኛን በሃይማኖት ሳይለይ ይቀበል ነበር። ዋልድማየር እ.ኤ.አ. በ1915 አረፈ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሁለቱን አገሮች እናስተያይ። በጋፋትም በሊባኖስም ዋልድማየር ሰውን ቀርቦ፣ ያገሩን ችግር በዓይኑ አይቶ ሠራ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በጋፋት የሥራውን ዓላማ የመረጠው ንጉሡ ነበር፣ በሊባኖስ ግን ራሱ መረጠ። ቋንቋ መማር፣ ከሕዝብ ጋራ መዛመድ፣ የማያውቁትን አላውቅም ማለት፣ ያወቁትን ለሌላው ማካፈል በባዕድ አገር ለሚሠራ ሰው ስንቅ ናቸው። ሆኖም እነዚህ ሁሉ ተሟልተውለት ሳለ የዋልድማየር እጅ መድፍ አቀለጠ። ስለዚህ ከአገር የሚወጣ ባለሙያ ዲፕሎማውን ከመያዙ ጋራ አንድ ጥያቄም ይያዝ፤ ሙያዬን የማውለው ለምን ነው? መልሱን እሱ ካላዘጋጀ አሠሪው ያዘጋጅለታል።