ከተውሶ ገጸ ባሕርይ ወደ ራስ መልክ፦ የሃሮልድ ሎይድ አነሣሥ በድምፅ አልባ ኮሜዲ

በድምፅ አልባ ፊልም ታሪክ የሃሮልድ ሎይድ ስም ከቻርሊ ቻፕሊንና ከበስተር ኪተን ስም ጋር አብሮ ይነሣል። የሎይድን አነሣሥ ልዩ የሚያደርገው ግን ገበያ ያገኘለትን ገጸ ባሕርይ በገዛ ፈቃዱ ትቶ እንደ አዲስ መጀመሩ ነው።

ሎይድ በ1893 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት፣ በርቻርድ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ በመድረክ ቲያትር ከሠራ በኋላ በካሊፎርኒያ የፊልም አጃቢ ተዋናይ ሆነ። በዚያም እንደ እርሱ አጃቢ ከነበረው ከሃል ሮች ጋር ተዋወቀ፤ ሮችም የራሱን የፊልም ሥራ ሲጀምር ሎይድን አሠራው። ሁለቱ ከ1915 እስከ 1917 ሎንሰም ሉክ የተባለ ገጸ ባሕርይ የሚታይባቸውን በርካታ አጫጭር ፊልሞች ሠሩ። ሉክ የተቀረጸው ቻፕሊንን በመገልበጥ ነበር፤ የቻፕሊን ሱሪ ሰፊ ስለሆነ የሉክ ጠባብ ሆነ። ፊልሞቹ ተመልካች ቢያገኙም፣ ሎይድ በዚህ መንገድ ከቻፕሊን ጥላ እንደማይወጣ ተገነዘበ።

በ1917 መስታወት የሌለው ክብ የመነጽር ፍሬም አድርጎ፣ ተራ ሙሉ ልብስ ለብሶ ቀረበ። አዲሱ ፊት በተመልካች ዘንድ ቶሎ ቶሎ እንዲታይም በአጫጭር ባለ አንድ ጥቅል ፊልሞች ጀመረ። ለውጡ የአለባበስ ብቻ አልነበረም። ገጸ ባሕርዩ በማንኛውም ጎዳና የሚገኝ ወጣት በመምሰሉ፣ ሣቁ ከአልባሳት ይልቅ ከሁኔታዎች መመንጨት ጀመረ፤ ፍቅሩም ሆነ የማደግ ምኞቱ የሚታመን ሆነ። ረጅም ታሪክን መሸከም የሚችል ኮሜዲ የተገኘውም በዚህ ነው።

በነሐሴ 1919 ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ ሐሰተኛ መስሎት የያዘው ቦምብ ፈንድቶ የቀኝ እጁን አውራና ጠቋሚ ጣት አሳጣው፤ ለጊዜውም ዓይኑን ጋረደው። ካገገመ በኋላ ጉዳቱን በልዩ ጓንት ሸፍኖ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1923 በወጣው «ሴፍቲ ላስት» ፊልም የሕንፃ ግድግዳ ሲወጣና ከትልቅ ሰዓት ላይ ሲንጠለጠል የሚታየው በዚሁ በተጎዳ እጁ ነው። የትዕይንቱ ኃይል ከከፍታው ብቻ የሚመነጭ አይደለም፤ የሚወጣው ሰው ለእጮኛው የተሳካለት መስሎ ለመታየት የሚጨነቅ ተራ የመደብር ሻጭ ነው።

ሎይድ ብዙም ሳይቆይ ከሮች ተለይቶ የራሱን ድርጅት አቋቋመ፤ በ1925 የወጣው «ዘ ፍሬሽማን»ም ከፍተኛ ገቢ አስገኘለት። አነሣሡ እንደሚያሳየው፣ በድምፅ አልባ ኮሜዲ ለመግነን የተጋነነ መልክ የግድ አስፈላጊ አልነበረም፤ ተመልካች ራሱን የሚያይበት ተራ ፊትም እኩል ኃይል ነበረው።