ተቀባይ ላጣ ስጦታ ባለአደራ ያቆመች ሴት

ሰጪ ተገኝቶ ተቀባይ ይጠፋል? ይጠፋል። በ1884 ለንደን ውስጥ የሆነው ይኸው ነው (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዴትፈርድ በሚባል ሰፈር አንድ ባለርስት ከቤተሰቡ የወረሰውን የአትክልት ስፍራ ለአካባቢው ሕዝብ ልስጥ ብሎ ተነሣ። ቦታው እንዲሁ ተራ ግቢ አልነበረም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥሩው ጸሐፊ ጆን ኢቭሊን ያለማው፣ በዘመኑ የተወራለት ስፍራ ነው። ሰውየው የቸገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቦታውን በስሙ ተረክቦ ለሕዝብ የሚጠብቅለት ባለአደራ። ፈለገ፣ አጣ። እንዲህ ዓይነት አደራ ለመቀበል የተቋቋመ ድርጅት በእንግሊዝ አገር አልነበረማ!

ሰውየው ያማከራት ሴት ኦክታቪያ ሂል ትባላለች። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እሷ ነው። እኛ ስለ ቅርስ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ግንቡ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ሥዕሉ ነው። ቅርሱን የሚጠብቀውን ማኅበር ማን ይመራዋል? መሪውንስ ማን ይቆጣጠረዋል? መሪው ሲሞትስ? እነዚህን ጥያቄዎች አሰልቺ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ አድርገን እናልፋቸዋለን። የኦክታቪያ ታሪክ ግን ግንቡ የሚቆመውም የሚፈርሰውም እዚያ ጽሕፈት ቤት ውስጥ መሆኑን ያሳያል።

ኦክታቪያ በ1838 ዊዝቢች በምትባል ከተማ ተወለደች። ለአባቷ ስምንተኛ ሴት ልጅ ስለሆነች ስሟም ከላቲኑ ስምንት ቁጥር የተወሰደ ነው። አባቷ እህል ነጋዴና የባንክ ሰው ነበር። ገና ሕፃን ሳለች፣ በ1840፣ ከሰረ። ሀብቱ ብቻ ሳይሆን ጤናውም አብሮ ተናጋ። ቤተሰቡን የደገፉት እናቷና የእናቷ አባት፣ ለድሆች ጤና ሲሟገት የኖረው ሐኪም ቶማስ ሳውዝዉድ ስሚዝ ናቸው። ኦክታቪያ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ያስተማረቻት እናቷ ናት። በ14 ዓመቷ ደግሞ እናቷ በምትመራው የሴቶች የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ አሻንጉሊት የሚሠሩ የድሃ ልጆችን ማሠራት ጀመረች። ሌላው ልጅ በአሻንጉሊት በሚጫወትበት ዕድሜ እሷ አሻንጉሊት የሚሠሩትን ትመራ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ጊዜ ከታዋቂው የጥበብ ሐያሲ ከጆን ረስኪን ጋር ተዋወቀች። ለዓመታት ሥዕል እየገለበጠች ሠራችለት። አባቱ ሞቶ ብዙ ሀብት ሲወርስ፣ የድሆችን ቤት ስለማሻሻል ያላትን ሐሳብ ነገረችው። ሁለቱ የተስማሙበት ነገር እንደ እኔ ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይጥማል። ረስኪን በ1865 ሜሪልቦን በሚባለው የለንደን ሰፈር የሦስት ጎስቋላ ቤቶችን ሊዝ በ750 ፓውንድ ገዛ። ሰፈሩ ስሙ ገነት ነው፤ ኑሮው ግን ሌላ። ቤቶቹን እንድታስተዳድር ለኦክታቪያ ሲሰጣት፣ ባወጣው ገንዘብ ላይ በዓመት 5 በመቶ ትርፍ እንዲያገኝ ነው የተነጋገሩት። ትርፉ ሌሎች ባለገንዘቦችም እንዲከተሉ ያደርጋል ብሎ አስቧል።

ከ5 በመቶው በላይ የተገኘው ለቤቶቹ ይውላል። ለእያንዳንዱ ቤት የዓመት የጥገና ገንዘብ ይመደባል፤ ከጥገናው የተረፈውን ተከራዮቹ በመረጡት ማሻሻያ ላይ ያውሉታል። በዚህ ሥርዓት መስኮት የሚሰብር ሰው የራሱን ገንዘብ ሰበረ ማለት ነው። ኪራዩን በየሳምንቱ እየዞሩ የሚሰበስቡት እሷና ያሠለጠነቻቸው ሴቶች ናቸው። ውዝፍ አታውቅም፤ ያልከፈለ ይወጣል። ጥብቅ ነበረች። ሥራው ግን ሰፋ፤ በ1874 በ15 ቦታዎች ወደ 3,000 የሚጠጉ ተከራዮች ነበሯት።

ታዲያ የቤት ሥራዋ ወደ መሬት አመጣት። የተከራዮቿ ልጆች የሚሮጡበት ሣር፣ የሚቀመጡበት ዛፍ አልነበራቸውም። ለንደን እየተለጠጠች ሜዳውን ሁሉ በቤት ትሸፍነው ነበር። በ1875 ስዊስ ኮቴጅ በሚባለው ሰፈር የቀረውን ሜዳ ገዝቶ ለሕዝብ ለማቆየት መዋጮ ጠራች። ገንዘቡም በአብዛኛው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተሰበሰበ። ግን ምን ዋጋ አለው! ባለመሬቶቹ ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ሜዳው ለቤት መሥሪያ ዋለ። የሰው ልብ ተነሥቷል፣ ገንዘቡም እየመጣ ነበር። ቦታ ለሽያጭ ሲቀርብ ፈጥኖ የሚዋዋል፣ ቋሚ ገንዘብና ሕጋዊ ስም ያለው አካል ግን አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ የዴትፈርዱ ባለርስት ሲመጣ ችግሩ ያው ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ ቦታው በነፃ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

በመካከሉ ሌላ መራራ ትምህርት አገኘች። ረስኪን ቅዱስ ጊዮርጊስ ጊልድ የተባለ የራሱን የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቁሞ ነበር። መሬት ተቀብሎ የድሆችን ኑሮ ለማቅናት ያለመ ነው። ዓላማው ውብ ነው፤ አመራሩ ግን በአንድ ሰው፣ በራሱ በረስኪን ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ለማኅበሩ ስጦታ ሊሰጥ ያሰበ ሰው፣ ኦክታቪያ የረስኪንን የአስተዳደር ችሎታ እንደምትጠራጠር ሰማ። ወሬው ረስኪን ጆሮ ደረሰ። በ1877 የተጻጻፉትን ደብዳቤ በሚያሳትመው መጽሔት አውጥቶ በአደባባይ ወረደባት። የ20 ዓመት ወዳጅነት በዚህ ተቋጨ፤ እሷም ታማ ሥራዋን ለወራት ጥላ ወደ ውጭ አገር ሄደች።

እኔ ጠቡን እንደ ሁለት ሰዎች ቅያሜ ብቻ አላየውም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ገንዘቡ የሰው ሲሆንና የሚያዝበት ሌላ ሰው ሲሆን የሚፈጠረውን ችግር በቀመር ተምረነዋል። ረስኪን ሌባ አልነበረም፤ እንዲያውም የራሱን ሀብት የበተነ ሰው ነው። ጥያቄው ግን የሌብነት አልነበረም። ደግ ሰውም ቢሆን ለማን ነው ተጠያቂነቱ? የሚለው ነው። ለጋሽ ይህንን ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

አሁን ሁለተኛው ሰው ይመጣል፤ ሮበርት ሀንተር። የሕግ ባለሙያ ነው። የወል መሬቶች እንዳይታጠሩ ለሚሟገት ማኅበር ጠበቃ ሆኖ ሠርቷል። የማኅበሩን ድክመት ከውስጥ ያውቀዋል፤ ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው መሬት በስሙ መያዝም መግዛትም አይችልም። በ1884 መሬት የሚይዝ ኩባንያ እናቋቁም ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ኦክታቪያ በሐሳቡ ተስማማች፤ ስሙ ላይ ግን አልተስማማችም። በ1885 በጻፈችለት ደብዳቤ፣ ኩባንያ ሲባል ንግድ ይመስላልና ትረስት እንበለው አለችው፤ የወል መሬትና የአትክልት ስፍራዎች ትረስት የሚል ስምም አቀረበች። ሀንተር በዚያው ደብዳቤ ላይ በእርሳስ ናሽናል ትረስት ብሎ ጻፈ፤ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አኖረ። እኛ በአንድ ቃል አደራ የምንለውን ነገር ማለት ነው።

ከዚያች የጥያቄ ምልክት እስከ ምሥረታው 10 ዓመት አለፈ። ነባሩ ማኅበር አዲሱን እንደ ተቀናቃኝ ሳያየው አልቀረም። በ1893 ሦስተኛው ሰው ተጨመረ። ሃርድዊክ ሮንስሊ በሰሜን እንግሊዝ የሐይቆች አካባቢ የሚያገለግል ቄስ ነው፤ በአካባቢው ውብ ቦታዎች ለሽያጭ ሲቀርቡ እያየ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነለትም። ሦስቱ ተገናኙ፤ ጥር 12 ቀን 1895 ናሽናል ትረስት ትርፍ የማያከፋፍል ማኅበር ሆኖ በኩባንያዎች ሕግ ተመዘገበ።

የሥራ ክፍፍላቸውን ልብ በሉ። የሥራ አስፈጻሚው ሰብሳቢ ሀንተር ሆነ፤ ጸሐፊው ሮንስሊ፤ ፕሬዚዳንቱ ደግሞ የዌስትሚንስተሩ መስፍን። በዘመኑ ከሦስቱ መሥራቾች ምናልባት ከሁሉ ስሟ የገነነው ኦክታቪያ ነበረች፤ ሊቀመንበርነቱን ግን አልያዘችም። በኮሚቴ ተቀምጣ ትመክራለች፣ ገንዘብ ትለምናለች፣ ቦታ ትጠቁማለች። ምክር ቤቱም ግማሽ ያህሉ መቀመጫ ለውጭ ተቋማት ተሰጠ፤ ቤተ መዘክሮች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የሙያ ማኅበራት የየራሳቸውን ሰው ይልካሉ። በሌላ አነጋገር፣ መሥራቾቹ ወዳጆቻቸውን ብቻ ሰብስበው መወሰን አይችሉም፤ ለእነሱ የማይታዘዝ ሰው ከጎናቸው ይቀመጣል። በገዛ እጅ የራስን ሥልጣን መቀነስ ነው ይሄ።

የመጀመሪያው ስጦታ ወዲያው መጣ። ዌልስ ውስጥ፣ ከባርመዝ ከተማ በላይ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ዲናስ ኦሌይ የተባለ ገደላማ መሬት ነው፤ ስፋቱ 5 ኤከር አይሞላም። ሰጪዋ ፋኒ ታልቦት ትባላለች። እኚህ ሴት ከ20 ዓመት በፊት ለረስኪን ማኅበር ቤቶች የሰጡ ናቸው። አሁን ገደሉን የሚረከብ ተቋም አገኙ፤ የዴትፈርዱ ባለርስት ያጣውን ማለት ነው።

በ1896 ትረስቱ የመጀመሪያውን ሕንፃ ገዛ። አልፍሪስተን በምትባል መንደር ያለ፣ የሣር ክዳን ያለው ጥንታዊ የቄስ ቤት ነው። ዋጋው 10 ፓውንድ ብቻ! ርካሽ ነው ካላችሁ ጥገናውን ቆጥሩ፤ የግዢውን ብዙ እጥፍ ፈጅቷል። ቅርስ መረከብ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ዕዳው የሚመጣው በኋላ ነው። በ1902 ደግሞ ብራንደልሃው የተባለውን የሐይቅ ዳር ደን 108 ኤከር ለመግዛት 6,500 ፓውንድ ከሕዝብ ተሰበሰበ። ከሰጪዎቹ መካከል በኢንዱስትሪ ከተሞች የሚኖሩ፣ ከደሞዛቸው ጥቂት ሽልንግ የላኩ ሠራተኞች ነበሩ። ሳንቲም ለላከ ሰው የሚገባው መልስ ምስጋና ብቻ አይደለም፤ ቦታው ነገ እንደማይሸጥ ማረጋገጫም ነው።

ማረጋገጫው በ1907 መጣ። ሀንተር ያረቀቀው ሕግ በፓርላማ ጸድቆ ትረስቱ የማይሸጥ ነው ብሎ ያወጀውን ንብረት ራሱም መሸጥ እንዳይችል ተደረገ። ሊቀመንበሩ ቢፈልግ፣ ምክር ቤቱ ቢስማማ፣ ዋጋው ቢያጓጓ አይሸጥም። ኢኮኖሚስት አማራጭን መዝጋት አይወድም፤ ንብረት ወደተሻለ ጥቅም መዞር አለበት እንላለን። እዚህ ላይ ግን አማራጩ ሲዘጋ ነው ሰጪው የሚመጣው። ማን ነው ልጁ የሚሸጠውን ርስት አደራ የሚሰጥ?

ይሁንና ኦክታቪያን መልአክ አድርጌ ልሸጥላችሁ አልፈልግም። ሴቶች በፓርላማ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ የሚጠይቀውን ትግል ተቃውማለች። መንግሥት ለአረጋውያን ጡረታ ይክፈል የሚለውንም አልደገፈችም። ድሃው በሥነ ሥርዓት ይታነጽ እንጂ ከመንግሥት አይጠብቅ ባይ ነበረች፤ ብዙዎች ይህን አባታዊ፣ ወይም እናታዊ ልበለው፣ ጫና ብለው ይነቅፉታል። ትረስቱም ቢሆን አባላቱ ያኔ ጥቂት መቶዎች፣ አመራሩ የመሳፍንትና የምሁራን ነበር፤ ሜዳው የሚጠበቅላቸው ድሆች ጠረጴዛው ዙሪያ አልነበሩም። ይሄ እውነተኛ ጉድለት ነው።

ነሐሴ 13 ቀን 1912 በ73 ዓመቷ አረፈች። በዌስትሚንስተር አቢ፣ በነገሥታቱ መካከል፣ የመቀበር ዕድል ተሰጥቷት ነበር፤ ቀድማ በተናዘዘችው መሠረት ግን በኬንት ገጠር ክሮከም ሂል ተቀበረች። በዓመቱ ሀንተር ሞተ፤ ሮንስሊም በ1920 ተከተለ። ሦስቱም ሄዱ፤ ትረስቱ አልተዘጋም። ዛሬ ከ5 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት፤ ዲናስ ኦሌይም አሁንም በእጁ ነው።

በአማርኛ ከባድ ከሆኑት ስድቦች አንዱ አደራ በላ ነው። አደራ የሚበላው ግን ክፉ ሰው ብቻ አይደለም። ተተኪ ያላዘጋጀ ደግ ሰውም፣ ጠያቂ የሌለው ቅን ሊቀመንበርም ሳያስቡት ያስበሉታል። ስለዚህ ቅርስ ልንጠብቅ ነውና አዋጡ የሚል ማኅበር ሲመጣ ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል። ንብረቱ በማን ስም ነው? ሊቀመንበሩን ተው የሚለው ማነው? መሸጥ የማይቻል መሆኑስ የት ተጽፏል? መልስ ካለ አዋጡ። ከሌለ ደግሞ መጀመሪያ መልሱን አብራችሁ ሥሩ፤ ኦክታቪያም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ቸር እንሰንብት።