መምህር ታምራት አማኑኤል

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳቸው ሰው አስተማሪ ነበሩ፤ የሙያ አባታችን ብንላቸው አናጋንንም። (ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ታምራት አማኑኤል በ1888 በጎንደር አገር ከቤተ እስራኤል ወገን ተወለዱ። አሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማሩ ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች የተባሉ የፖላንድ ተወላጅ አይሁዳዊ አገኟቸውና በ1905 ወደ ፓሪስ ወሰዷቸው። እዚያ የገቡበትም እንደ እኛው የመምህራን ማሠልጠኛ ነበር። ከዚያ ፍሎረንስ የረቢዎች ትምህርት ቤት ገቡ። በ1920 አገራቸው ተመለሱ፤ ብዙም ሳይቆይ ዶክተሩ አዲስ አበባ ላይ ለቤተ እስራኤል ልጆች ያቋቋሙትን አዳሪ ትምህርት ቤት ተረከቡ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በቤተ እስራኤል መንደር መሪው ቄሱ ነበር። ጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉት ነበር፤ ከስግደት የወጣ ስም ስለሆነ ከእስላሙ ጋር እንዳናምታታው። ቄሱ ኦሪትን በግዕዝ ያነብ፣ የተጣላ ያስታርቅ ነበር። ሰንበት ሲገባ እሳት ሁሉ ይጠፋ ነበር፤ ምግቡም ቀዝቅዞ ይበላ ነበር። የአውሮፓው አይሁዳዊ ግን ሰንበትን ሻማ አብርቶ ይቀበላል፤ በዕብራይስጥ ይጸልያል፤ ታልሙድ በሚባለው የረቢዎች መጽሐፍ ይመራል። ቤተ እስራኤል ታልሙድን አያውቁትም ነበር። ታዲያ አዲስ አበባ የተማረው ልጅ መንደሩ ሲመለስ የማንን ይያዝ? የቄሱን ነው የመምህሩን?

ዶክተር ፋይትሎቪች ወገኑን ከዓለም አይሁድ ጋር ቶሎ ለማዋሐድ ይጥሩ ነበር። ሁለቱ ለዓመታት አብረው ቢሠሩም ሁልጊዜ አልተስማሙም። እኛን ካላችሁን ከባዱ ሸክም የታምራት ነበር። ዶክተሩ ባሕር ማዶ ይመላለሳሉ፤ ከልጆቹ ጋር የሚውሉት እሳቸው ናቸው። ገንዘብም ሲጠፋ በ1931 እስከ አሜሪካ ድረስ ሄደው ለምነዋል።

ፋሺስት ሲገባ ያ ሁሉ ልፋት ተበተነ። በ1937፣ የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተማረ ሰው እየተለቀመ ሲገደል ታምራት አምልጠው ተሰደዱ፤ ኢየሩሳሌም ገቡ። ከነፃነት በኋላ ተመልሰው ለመንግሥት ሠሩ፤ ፓሪስም ተልከው አገልግለዋል። በ1963 ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ።

የመንደሩን ማስተማር ሥራ ከዶክተሩ ተማሪዎች አንዱ የነበሩት ዮና ቦጋለ ያዙት። እሳቸውም የትምህርት ሚኒስቴር ሥራቸውን ትተው ለወገናቸው ሲደክሙ ቆይተው በ1979 ወደ እስራኤል ሄዱ።