ሰማዩን ደግመው የቆጠሩት ማርቲን ራይል

ቆጠራ ሲባል ለካምፕ ሰው ማብራሪያ አያስፈልግም። ፀሐይ ላይ ተሰልፈን ተቆጥረን፣ ቁጥሩ አልገጠመም ተብሎ እንደገና መሰለፍን እናውቀዋለን። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሳቸው ሰው የቆጠሩት ግን ሰማዩን ነው፤ እሳቸውም ተሳስተው ደግመዋል።

ማርቲን ራይል እ.ኤ.አ. በ1918 እንግሊዝ አገር፣ ብራይተን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ። ኦክስፎርድ ተምረው እንደጨረሱ የዓለም ጦርነት መጣና ራዳር ላይ ተመደቡ። ጦርነቱ ሲያበቃ ካምብሪጅ ገብተው፣ ከጦርነቱ በተረፈ ዕቃ ከሰማይ የሚመጣ የራዲዮ ሞገድ የሚቀበል አንቴና ሠሩ።

እዚያው ካምብሪጅ የነበሩት ፍሬድ ሆይል፣ ዩኒቨርስ መጀመሪያ የለውም፣ ድሮም ዛሬም መልኩ አንድ ነው ባይ ነበሩ። ራይል ነገሩን በቆጠራ ለመፍታት ተነሱ።

ዘዴው ይኸውላችሁ። ፋኖስ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሰማይ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ ጥልቅ ነውና ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚይዘው ቦታ 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የራዲዮ ምንጮቹ እኩል ተበትነው ከሆነ፣ ድምቀታቸው ሩብ የሆኑትን ጨምረን ስንቆጥር ድምሩ ወደ 8 እጥፍ ማደግ አለበት። ከዚያ ከበለጠ ሩቅ ያሉት ይበዛሉ ማለት ነው። ሩቅ ማለት ደግሞ ድሮ ማለት ነው፤ ሞገዱ እኛ ጋ እስኪደርስ በቢሊዮን የሚቆጠር ዓመት ይፈጅበታላ!

በ1955 ራይል 1,936 ምንጮች የያዘ ሁለተኛ መዝገብ ይዘው ቀረቡ። ደካሞቹ ከመጠን በላይ በዝተዋል፤ የሆይል ሐሳብ አበቃለት ተባለ። ግን ቸኩለው ነበር። በሲድኒ፣ አውስትራሊያ እነ በርናርድ ሚልስ ያንኑ ሰማይ በሌላ መሣሪያ ቢያዩት ዝርዝሩ አልገጥም አለ። ለካ የካምብሪጁ አንቴና ብዙ ደካማ ምንጮችን ደባልቆ እንደ አንድ ይቆጥር ኖሯል። ራይል ግልፍተኛ፣ ትችትም የሚከብዳቸው ሰው ነበሩ ይባላል። ለእንዲህ ያለ ሰው በአደባባይ መሳሳት ምን ያህል እንደሚመር መገመት አያቅተንም።

ሥራውን ግን አልተዉትም። በ1959 ሦስተኛው መዝገብ ወጣ፤ ምንጮቹ 471 ብቻ፣ ግን የሚታመኑ። ከዚያም ይበልጥ ደካማ የሆኑትን ቆጥረው በ1961 ውጤቱን አቀረቡ። ትርፉ ከመጀመሪያው በጣም አንሷል፤ በ8 ፋንታ 12 እጥፍ ገደማ ሆነ። ይሄኛው ቁጥር ግን አልፈረሰም። ሆይል በበኩላቸው በ2001 እስኪሞቱ ድረስ አልተቀበሉትም።

በዚያ ሦስተኛ መዝገብ ላይ ቁጥር 273 ተብሎ የተጻፈውን ምንጭ በ1963 ማርተን ሽሚት መረመሩት። ኮከብ ይመስላል፣ ግን 2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ኳሳር የሚባለው ይህ ነው፦ በግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ የሚግል ጋዝ፣ ከሙሉ ጋላክሲ በላይ የሚያበራ። ሽሚት በ1968 ኳሳሮችንም ቆጥረው ድሮ እጅግ ይበዙ እንደነበር አሳዩ። ዛሬ እንደሚታወቀው የበዙበት ዘመን ከ10 ቢሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። በእኛ አካባቢ አሁን ብርቅ ናቸው።

ራይል በ1974 ከአንቶኒ ሂዊሽ ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፊታቸውን ከሰማይ መልሰው የኒውክሌር መሣሪያን ተቃወሙ፤ ኤሌክትሪክ ከነፋስ ስለሚገኝበት መንገድም አጠኑ። በጥቅምት 1984፣ በ66 ዓመታቸው ካምብሪጅ ውስጥ አረፉ።